አበል የሌለው ሥራ፦ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ስለ ማሳደግ

(በደብረ ታቦር ከተማ ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች በሐምሌ ወር መጨረሻ በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ የኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ የሆነ ዲያቆን ያቀረበው ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ንግግሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ በሐምሌ ወር ስምንት ዓመት የሆናትን ልጄን «ነገ ችግኝ ልንተክል እንሄዳለንና ቦት ጫማሽን አዘጋጂ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ አበል አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ሣቀች፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጅቱ ይህን ቃል ያመጣችው ከጎረቤት ወይም ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከእኛው ገበታ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ለባለቤቴ የማወራት የትኛው ሥልጠና ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የውሎ አበሉ ስንት እንደ ሆነ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት የተሻለ እንደሚከፍል ነበር። ስለ ጎለበተው ምንጭ፣ ቀድሞ ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ትሄድ ስለ ነበረችው እናት፣ በሥራዬ ደስ ስለሚለኝ ነገር አንድም ቀን በገበታ ላይ አንሥቼ አላውቅም። ልጆች ደግሞ የተኙ በሚመስሉን ጊዜ እንኳ ጆሯቸው አይተኛም። ክርስቲያናዊ ተራድኦ በሚል ስም በተጠራ መሥሪያ ቤት የምሠራ ዲያቆን ልጅ፣ ተራድኦን በብር የሚለካ ነገር አድርጋ አወቀችው።

ይህን ስል በድካሙ የሚከፈለውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ብዙ ቤተሰቦች እርከን ሠርተው፣ መንገድ ጠግነው እህል ወይም ገንዘብ ተቀብለዋል። ያ ሥራ በክፉ ቀን ልጆችን ያሳደረ ነው። አበልም ቢሆን ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ለመጣ ገበሬ የምሳና የመሳፈሪያ ነውና ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እርከን ሁሉ በስንዴ የሚሠራ፣ ችግኝ ሁሉ በአበል የሚተከል መስሎት ያደገ ልጅ፣ ነገ ስንዴው ሲቀር እርከኑ ሲናድ ቆሞ ያያል። ፕሮጀክት ዕድሜ አለው፤ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ቆይቶ ይዘጋል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ግን በየክረምቱ አፈራችንን እየጠረጉ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና መውረዳቸውን አይዘጉም። ያን ጊዜ እርከኑን የሚጠግነው ዛሬ በቤታችን ያለው ልጅ ነው፤ የሚጠግን ከሆነ።

አንዳንድ ወላጆች «የኛ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም ነው የሚውለው፤ ደግሞ ሌላ ሥራ ልትጨምሩበት ነውን?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። የደጋው ልጅ ሥራ የሚያስተምረው ሰው አያሻውም፤ በሥራ ላይ ነው ያደገው። ስለዚህ እኔ የምለው የልጁ ሸክም ይብዛ አይደለም። ከቤቱ አጥር ውጭ ላለ ሰው፣ ብድር ለማይመልስለት ሰው፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በወር አንድ ግማሽ ቀን ሲሰጥ ልጁም ከመካከላቸው ይኑር ነው። የከተማውን ልጅ በተመለከተ ግን ወላጆች ሆይ፣ ጥቂት ሸክም ቢጨመርበት አይጎዳውም።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። ወንፈል አለ፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፣ ቀን በቀን የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው። ደቦ አለ፤ ባለጉዳዩ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፣ እየተዘፈነ ይታረሳል፣ ይታጨዳል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ሁለቱም ግን ወሮታ አላቸው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ስም ያልወጣለት ሦስተኛ ነገር አለ፦ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አልጋ የያዘ አዛውንት እርሻ ጦም እንዳያድር ሰዉ ጠላ ሳይጠበቅ በሬውን ጠምዶ የሚሄድበት። የራሱን ስንቅ ይዞ ይሄዳል፤ ሲጨርስ ደጃፉ ላይ ሳይቀመጥ ይመለሳል። ዛሬ በጎ ፈቃድ የምንለው ነገር ከውጭ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያችን እርሻ ያስታውስ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር መሆኑን፣ ድጓ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ የሚመሰከርበት ምድር መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እነዚያን ጉባኤያት ለዘመናት ያቆማቸው በየደጁ የምትሰጥ ቁራሽ ናት። የቆሎ ተማሪ ጠላቱ ደግሞ ረኃብና ብርድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻ ነው። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኮፋዳዬን በትከሻዬ አንግቤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል የመንደሩ ውሻ ሁሉ ነበር የሚመልስልኝ። ከእነዚያ ደጆች በአንዱ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ድምፄን ሲሰማ ሮጦ ይወጣና ከእርሱ የማያንሰውን ውሻ በሁለት እጁ አንገቱን አቅፎ ይይዘዋል። እናቱ እንጀራውን አምጥታ ከአኮፋዳዬ ትጨምራለች፤ እኔም ከአጥሩ እስክርቅ ልጁ ውሻውን አይለቅም።

አንድ ቀን እናቱ ገበያ ሄዳ ኖሮ ቤት ውስጥ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም። ልጁ እንደ ልማዱ ውሻውን አቅፎ ጥቂት አሰበና «ና፣ አንተ ያዘው» አለኝ። እየተንቀጠቀጥሁ ያዝሁት። ልጁ ወደ ውስጥ ገብቶ እስኪመለስ ድረስ ውሻውም እኔም በመገረም ተያይተን ቆየን። ያመጣልኝ ሁለት ቅቅል ድንች ነበር። የምሳው መሆኑን ያወቅሁት አንዱ ከተላጠ በኋላ ጫፉ የተገመጠ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚያች እናት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ለልጇ ስለ ምጽዋት ስብከት የሰጠችው አይመስለኝም። ሥራ ነው የሰጠችው፤ ያውም ያለ እርሱ የማይሆን ሥራ። ውሻውን የሚይዝ ከሌለ እንጀራው ከእኔ አይደርስም። እኛ ዛሬ ልጆቻችንን ወደ በጎ ሥራ ስንወስዳቸው ብዙውን ጊዜ ጥግ ላይ አቁመን «ተመልከቱ» እንላቸዋለን፤ ወይም ለፎቶ እናሰልፋቸዋለን። ልጅ ደግሞ የሚያስፈልግ መሆኑንና ለጌጥ የቆመ መሆኑን ለይቶ ያውቃል። ሌላም ነገር አለ። ልጁ ውሻውን የያዘው አንድ ቀን አልነበረም፤ በመጣሁ ቁጥር ነበር። እናቱ በሌለችበት ቀን ምሳውን እንዲያመጣ ያደረገው ያ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አሁን ዘመኑ ተለውጧል፤ ሰው ሁሉ ለራሱ ሆኗል» የሚል አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ጋይንት በደረሰ ጊዜ፣ ከተማችን ራሷ ስጋት ላይ ሳለች፣ ከቤት ንብረቱ የተፈናቀለው ወገን ወደ ደብረ ታቦር ሲገባ በራችሁን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። ሊጥ አቡክታችሁ፣ ከጓዳችሁ ሽሮና በርበሬ ዘግናችሁ፣ ልጆቻችሁን ከመኝታቸው አስነሥታችሁ ለእንግዳ ልጆች አነጠፋችሁ። መኝታውን የለቀቀው ልጅ በዚያች ሌሊት የተማረውን በአንድ ዓመት የሰንበት ትምህርት አናስተምረውም። በዚያን ጊዜ አበል የጠየቀ ሰው አላየሁም። ችግራችን ልባችን መድረቁ አይመስለኝም፤ መከራ ሲመጣ የምናወጣውን መከራ ሲያልፍ መልሰን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣችን ነው።

ስለ ወላጅ አርአያነት አንድ የሀገራችንን ታሪክ ላንሣ። ጋፋት ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በመጋቢት መቅደላ ሲደርሱ፣ ለመድፉ መንገድ በሚጠረግበት ስፍራ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ወታደር አይኖርም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያ ሠራዊት በፈቃዱ ብቻ አልጎተተም፤ ፍርሃትም ነበረበት። በእኛም ዘመን ስም እየተጠራ፣ የቀረው እየተቀጣ የሚካሄድ ሥራ «በጎ ፈቃድ» ሲባል ሰምተናል። ሥራው ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን የእርሱ አይደለም። በቤታችንም እንዲሁ ነው። «ካልሄድህ እራት የለም» ተብሎ አረጋዊ ሊጠይቅ የሄደ ልጅ፣ የጠየቀው እራቱን ነው።

አሁን ወደ ችግኙ ልመለስ፤ ታሪኩ አላለቀም። በማግስቱ ልጄንና ስድስት ዓመት የሆነውን ወንድሟን ይዘን በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሄደን ተከልን። ባነር ነበር፤ አንድ ዓይነት ቲሸርት ነበር፤ ፎቶ ተነሣን። አዘጋጁን አልጠራም፤ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁና። በታኅሣሥ ልጄ «ዛፌን አሳየኝ» ብላ ወተወተችኝ። ስንደርስ ያገኘነው በከብት የተጋጠ ደረቅ እንጨት ነበር፤ ከጎኑ ያሉትም እንደዚያው። «ማን ነበር የሚጠብቀው?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? እኛ የተከልነው ለአንድ ቀን ነበር።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ በእኛ ዞን በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶና ተግጦ ራቁቱን ሲቀር፣ ዘሩ የተረፈው ካህናትና ምእመናን ቅጥሩን አክብረው ስለ ጠበቁት ነው። ጥናታቸው የሚያሳየው ሌላው ነገር፣ ከብት እንዳይገባ በተከለለ ስፍራ ቡቃያው በርትቶ የሚያድግ መሆኑን ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው ልጅ የሌለው ደን አርጅቶ የሚሞት ደን ነው። ይህን ለቤተሰብ ጉባኤ ለምን እንደማነሣው ለመገመት አያዳግትም።

የደብሩ ሽማግሌዎች በጥር፣ ከውቂያ በኋላ፣ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሊሠሩ ተስማሙ። ድንጋዩ ከሩቅ አልመጣም፤ ማረሻ ከሚያሰናክልበት ከገበሬው ማሳ ላይ የሚለቀም ነው፤ ማሳውም ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል። ሥራው ለየቤተሰቡ በክንድ ተለክቶ ተከፈለ። እኛም ከከተማ መጥተን ድርሻችንን ወሰድን፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የዘገየነው እኛ ነበርን። ጎልማሶቹ ትልልቁን ድንጋይ ሲደረድሩ፣ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ደቃቅ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ያ ከሌለ ያለ ጭቃ የተካበ ካብ ይላላል፣ ክረምቱ ሲገባ ይናዳል። ይህ የልጆች ሥራ ሆነ። አያቶች ቆሎ እየቆሉ፣ ጠላ እየቀዱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንድ መሪጌታ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹን እየዞሩ ጥዱን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን በስሙ ያስጠሯቸው ነበር። ወይራውን ቆርጠው ሲያሸትቷቸው ልጄ «ይሄ የወተት ዕቃ ይሸታል» አለች። አያቷ ቤት የሚታጠነውን ቅል ማስታወሷ ነው።

ታናሽ ወንድሟ በሦስተኛው ቀን «አልሄድም» አለ። ልቆጣው ቃጥቶኝ ነበር፤ ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ። «በጎ ፈቃድ ነው አላልህም?» አለችኝ። ቤት ቀረ። እስካሁንም ድንጋይ መልቀም አይወድም። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ካብ ውስጥ ላሉት ችግኞች ውኃ ለማጠጣት በጀሪካን ሲሸከም ከማንም በፊት የሚነሣው እርሱ ነው። ለልጅ ሥራን መርጠን ስንሰጠው አንድ ጊዜ ልንሳሳት እንችላለን፤ ሌላ መሞከር ነው። አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ አለመስጠት ይገባል። በጣና ዳር እንቦጭ ለመንቀል ውኃ ውስጥ የሚገቡ ወገኖቻችንን አደንቃለሁ፤ ልጅ ግን ሐይቅ ውስጥ አይገባም። ስንቅ ማቀበል ይበቃዋል።

በዓልን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ስለሚነሣ በአጭሩ ልናገር። ድንጋዩንና ቁፋሮውን ለአዘቦት ቀን እንተወው። በሰንበትና በበዓላት ግን ሕሙማንን መጠየቅ፣ አረጋውያንን መጎብኘት የተከለከለ አይደለም። ጌታችን በሰንበት የፈወሰውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ከቤታችን አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። ልጄ ከጥር ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ጀሪካን ውኃ ትወስድላቸዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት መለሱባት። «እኔ ለማኝ አይደለሁም፤ ለእናትሽ ንገሪያት» አሏት። ልጅቱ እያለቀሰች ገባች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳልጠይቃቸው፣ ሳላማክራቸው፣ እንደ ፕሮጀክት ተጠቃሚ ቆጥሬ ውኃ ላክሁባቸው። ማታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ቡናም ተፈላ። «እንግዲያው እኔም የማውቀውን ላስተምራት» አሉ። አሁን ልጄ ውኃውን አስቀምጣ እንዝርት ይዛ ትቀመጣለች። ክሯ እስካሁን እንደ ገመድ ወፍራም ነው፤ እሳቸው ግን «ደኅና ነው፣ ይቀጥናል» ይሏታል። ከሁለቱ ማን ለማን እንደሚያገለግል አሁን ለይቼ መናገር አልችልም፤ መለየቱም አያስፈልግም።

ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ከዚያም ነሐሴ 13 ቀን የከተማችን ስም የሆነው በዓለ ደብረ ታቦር ይመጣል። በትውፊታችን ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ እረኞቹ ልጆች የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ኅብስት ይዘው ፍለጋ ወጡ። በቡሄ ችቦ የምናበራው፣ ሙልሙል የምንጋግረው ስለዚህ ነው። ዛሬ በከተማችን ብዙ ቤት ለጨፋሪ ልጆች ከሙልሙል ይልቅ ብር ይሰጣል፤ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ብር ግን አይቆረስም፤ ልጁ ለጓደኛውም ለአልጋ ቁራኛውም ሊያካፍለው አይችልም። ልጄና ጓደኞቿ ዘንድሮ ከሰበሰቡት ሙልሙል ላይ ለይተው ለአራት አረጋውያን ሊያደርሱ ተነጋግረዋል። ማን የማንን ደጅ እንደሚያንኳኳ ሲከራከሩ ሰምቻለሁና እባካችሁ ሙልሙል ጋግሩላቸው።

በመጨረሻም አንድ ማስታወቂያ አለኝ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከፍልሰታ በፊት በካቡ ውስጥ አገር በቀል ችግኝ እንተክላለን። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአምስት ችግኝ በላይ አይወስድም፤ የወሰደውን ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተራ ገብቶ ያጠጣል፤ የተራው መዝገብ በልጆቹ እጅ ይሆናል። ባነር አላሠራንም። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ጀሪካን ይዞ ይምጣ። ቆሎና ውኃ አለ፤ አበል የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።